ሰው ሁሉ መንገድ የለቀቀልኝ ሦስት ቀን

ባሌ ከሞተ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ሾርባ ሠርቼ ልኬለታለሁ። ካሮትና ድንች የገባበት የዶሮ ሾርባ ነበር፤ ጨው ያነሰው፣ ዝንጅብል የበዛበት። በክዳን ዕቃ ገልብጬ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ከግቢያችን የብረት በር ውጭ አስቀምጠዋለሁ። ጋሽ ሉቃስ መጥተው ያነሱታል። ጋሽ ሉቃስ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፤ መኪና ስላላቸው ምግቡን ለሆስፒታሉ ዘበኛ የሚያደርሱልኝ እሳቸው ነበሩ። ጴጥሮስ እንደሌለ እሳቸው ያውቁ ነበር። ጎረቤቴም ታውቅ ነበር። ጆሃንስበርግ ውስጥ እኛን የሚያውቅ ሐበሻ ሁሉ ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ግማሽ ገጽ እጽፍና ሳምንት እተወዋለሁ። ዛሬም የምጽፈው ስለቀለለኝ አይደለም። ይህን ከምታነቡት አንዳችሁ ነገ እንዲህ ያለ ወሬ ይዛችሁ የሰው በር ላይ ልትቆሙ ስለምትችሉ ነው።

ያን ጊዜ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ሶዶ ውስጥ አንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ፤ ደቡብ አፍሪካ የመጣሁት ጴጥሮስን ተከትዬ ነው። እሱ ሀዲያ፣ እኔ ወላይታ ስለሆንን የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ነበር። ልጅ አልወለድንም። ሜይፌር በሚባል ሰፈር አንድ አሮጌ ግቢ ተከፋፍሎ ይከራያል፤ ከዚያ ሁለቱ ክፍሎች የእኛ ነበሩ። እሱ ግን ሳምንቱን የሚያሳልፈው ኦሬንጅ ፋርም፣ ከከተማው በስተደቡብ ርቆ ያለ፣ ታውንሺፕ የሚሉት የድሆች ሰፈር፣ ስፓዛ በሚባለው ትንሽ ሱቃችን ውስጥ ነው። ዳቦ፣ ወተት፣ ሻማ፣ ሳሙና ይሸጣል። እሑድ ለአምልኮ በሁለት ታክሲ ይመጣና ሰኞ ይመለሳል።

ጴጥሮስ በወጣትነቱ ሆሳዕና ውስጥ ኳስ ተጫዋች ነበር፤ አማካይ። ከሱቁ ጀርባ አቧራማ ሜዳ አለ። እዚያ ሜዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች የሚያሠለጥን ረጅም፣ ፀጉሩ የገብስ ነዶ የመሰለ ፈረንጅ ነበር። ሃልዶር ይባላል፤ አገሩ አይስላንድ ነው። ከዓሣ አጥማጆች መንደር ነው የተነሣው። ሣር በማይበቅልበት፣ በጠጠር ሜዳ ላይ ኳስ ተምሮ ኖርዌይና ቤልጅየም ድረስ ሄዶ ተጫውቷል፤ ለአገሩ ብሔራዊ ቡድንም ጥቂት ጊዜ ተሰልፏል። እሱም አማካይ ነበር። ሚስቱ የዚህ አገር ሰው ስለሆነች ኳስ ካቆመ በኋላ እዚህ ቀረ። ልምምዱ ሲያልቅ ቀዝቃዛ ውኃ ሊገዛ ወደ ሱቁ ይመጣ ነበር። በኋላ ጴጥሮስ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ለሁለት ሰዓት ዘግቶ ረዳቱ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ሄጄ የሰማኋቸውን አልረሳም።

“አንተ አገር ኳሱ በረዶ ላይ ሲንሸራተት ማን ያቆመዋል?” ይለዋል ጴጥሮስ።

“እናንተስ?” ይላል ሃልዶር። “ሯጮች ናችሁ። ኳሱን መሀል ሜዳ ረስታችሁ ትሮጣላችሁ።”

ያቀራረባቸው ሌላም ነገር ነበር። አይስላንዶች እንደ እኛ የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ ሰው በአባቱ ስም ነው የሚታወቀው። የዚህ አገር ቢሮ ጴጥሮስን “ሚስተር ሃንዲሶ” ሲለው፣ ሃልዶርንም በአባቱ ስም ሲጠራው፣ ሁለቱም “እሱ አባቴ ነው” እያሉ መከራቸውን ያያሉ። በዚህ እየሳቁ ነው ወዳጅ የሆኑት።

ጴጥሮስን የሚከነክነው አንድ ጥያቄ ነበር። ሃልዶር ኳስ ያቆመው ገና በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለምን ሲባል “ጉልበቴ” ይላል።

“ጉልበቱ ከእኔ ይሻላል” ብሎኝ ነበር ጴጥሮስ። “ሌላ ነገር አለ። እሱ ራሱ እስኪያወራው ዳግም አልጠይቀውም።”

ከዚያ ሁለተኛው የኮሮና ክረምት መጣ። ሰኔ እዚህ አገር ብርድ ነው። በየቀኑ የሰው ሞት እንሰማ ነበር። በአንድ ረቡዕ እኔ ማሳል ጀመርኩ። ለጴጥሮስ ስደውል “ምንም አይደለም፣ ዝንጅብል ጠጪ” አለኝ። ለካ እሱ ሳምንት ሙሉ እያሳለ ነበር። የሱቁን መስኮት በላስቲክ ጋርዶ፣ በትንሽ ቀዳዳ ዳቦ እያቀበለ፣ እኔ ስደውል ትንፋሹን ሰብስቦ እያወራኝ ሰንብቷል። ዓርብ ዕለት ሃልዶር ሱቁ ተዘግቶ ሲያገኘው በሩን ደብድቦ አስከፈተውና በመኪናው ሆስፒታል ወሰደው። በቅጹ ላይ ተጠሪ ብሎ የሞላውም የራሱን ስልክ ነው። የእኔን ቁጥር በቃሉ አያውቅም፤ ጴጥሮስ ደግሞ መናገር አቅቶት ነበር።

ቅዳሜ ተመረመርኩ፤ ኮሮና አለብሽ ተባልኩ። ሐኪሙ ካሳልሽበት ቀን ጀምሮ ዐሥር ቀን ከግቢ እንዳትወጪ አለኝ። ስኳር ስላለብኝ ሁሉም ለእኔም ፈሩ። እሑድ ከሰዓት ጴጥሮስ ራሱ ደወለ።

“አስቱ፣ ኦክስጅን አድርገውልኛል። ስልክ ላላወራ እችላለሁ። ሾርባ ላኪልኝ፤ የዚህ ቤት ምግብ ውኃ ነው።”

“ጨው ላብዛበት?”

“አታብዢ። ዝንጅብሉን ግን አደራ።”

ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም። ሰኞ ማለዳ ሞተ።

ሰኞ በቀትር ሾርባዬን በሩ ላይ አስቀምጬ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ጋሽ ሉቃስ ከመኪና ወርደው አነሡት። ጭምብል ስላደረጉ ፊታቸውን በደንብ አላየሁትም። ዕቃውን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ሌላ ጊዜ ዕቃ ሲይዙ በአንድ እጅ አንጠልጥለው ነው የሚሄዱት።

“ምን አሉ ሐኪሞቹ?” አልኳቸው።

“በጌታ እጅ ነው ልጄ። አንቺ ራስሽን ጠብቂ።”

ወደ ሆስፒታሉ ስደውል ስልኩ ይጮኻል፣ ማንም አያነሣም። ማክሰኞ አንዲት ነርስ አነሣች። ስሙን ነገርኳት፤ ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። “እኛ መረጃ የምንሰጠው ቅጹ ላይ ላለው ስልክ ብቻ ነው፤ ይቅርታ” አለችኝ። ስለዚህ ለሃልዶር ደወልኩ። ሰኞም ደውዬለት አላነሣም ነበር። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው።

“ሃልዶር፣ ዛሬ ደወሉልህ?”

ከኋላው የመኪና ድምፅ ይሰማል።

“አስቴር” አለ። “አሁን አያመውም።”

“አያመውም?” ከደስታዬ ብዛት ሳቅሁ። “ትንፋሹስ?”

“አያመውም” አለ እንደገና። ዘጋው።

ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ሾርባውን የዚያን ቀን አበዛሁት፤ ከተሻለው ይርበዋል ብዬ። ጋሽ ሉቃስ ሲመጡ ከሩቅ ጮህኩላቸው። “አያመውም አሉ! ሃልዶር ነገረኝ!” መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። “ጌታ ይመስገን” አሉ። መነጽሩን መልሰው እስኪያደርጉት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

በእነዚያ ቀናት ሌላም ነገር ሆነ። ሰው ሁሉ ደግ ሆነልኝ። ጎረቤቴ ሰሚራ የስልጤ ልጅ ናት፤ ባሏ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣል። ከእሷ ጋር በልብስ ማስጫ ገመድ ስንጣላ ሦስት ዓመት ሞልቶናል። “እቴ አስቴር፣ የአንቺ አንሶላ የሜይፌርን ፀሐይ ሁሉ ጨረሰው፤ ለእስላሙም ተዪለት እንጂ!” ትለኛለች፤ እኔም እመልስላታለሁ። ማክሰኞ በመስኮት “ገመዱ ነጻ ነው?” ስላት “ውሰጂው፣ ሁሉንም ውሰጂው” አለችና የራሷን እርጥብ ልብስ ለቅማ ገባች። ቀልድም የለ፣ ነገርም የለ። የመዘምራን መሪያችን ዘነበች ለዓመት ያህል አኩርፋኝ ነበር። ረቡዕ ደወለችና “እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ይቅር በዪኝ” ብላ አለቀሰች። አከራያችን እንኳ፣ በር በኃይል ስትዘጉ ግድግዳው ይሰነጠቃል እያለ የሚነጫነጨው ሽማግሌ፣ ወተት ገዝቶ ደጄ ላይ አስቀመጠ።

ጸሎቴ የሰውን ልብ እያለሰለሰ ነው ብዬ አሰብኩ። ረቡዕ ከሰዓት በማስታወሻ ደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “ጌታ በዙሪያዬ ያለውን ሁሉ እያስተካከለ ነው። ጴጥሮስ ሲወጣ ሌላ ግቢ ነው የሚጠብቀው።” ደብተሩ አሁንም አለ። ያንን ገጽ አልቀደድኩትም።

ሐሙስ ዘጠነኛ ቀኔ ነበር። ጠዋት ካሮት እየላጥኩ ሳለ የብረቱ በር ተንኳኳ። ወጣሁ። ሃልዶር ከበሩ ውጭ ቆሟል። ጥቁር ካፖርት ለብሷል። ከቱታ በስተቀር በሌላ ልብስ አይቼው አላውቅም።

“ሱቁ ምን ሆነ?” አልኩት። ተዘረፈ ሊለኝ የመጣ መሰለኝ።

“ሱቁ ደኅና ነው።”

“ታዲያ ምን ሆነህ መጣህ?”

ጭምብሉን ዝቅ አደረገ፤ በመሀላችን ብዙ እርምጃ ነበር።

“ጴጥሮስ ሰኞ ጠዋት ሞቷል” አለ። “ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ይቀበራል። ሆስፒታሉ ደውሎልኝ ለሽማግሌዎቹ ስነግራቸው እንዳልነግርሽ ቃል አስገቡኝ። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ከዚህ በላይ አልችልም።”

“ውሸታም” አልኩት። “ማክሰኞ አያመውም ብለኸኝ የለም?”

“ብዬሻለሁ።”

የካሮቱ ቢላዋ እጄ ላይ ነበር። እንዴት እንደወደቀ አላውቅም፤ እኔም ሲሚንቶው ላይ ነበርኩ።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በማለዳ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሴቶች ተከትለው፣ አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ ሆነው ነው። ሰው ደረቱን ሲመታ እጁን የሚይዝ አለ። ሲወድቅ የሚያነሣ አለ። እኔ ስወድቅ በሩ በውስጥ በኩል ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ያለው ኩሽና ነው። ሃልዶር እጁን በብረቱ መሀል አሾልኮ ዘረጋ። አይደርስም። እንደ ዘረጋ ቀረ። ደረቴን እስኪደክመኝ መታሁ። ራሴ ተነሣሁ።

“ሂድልኝ” አልኩት። “ከፊቴ ጥፋ።”

“መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ” አለ። “እስከ አራት ሰዓት። ካልወጣሽ ብቻዬን እሄዳለሁ።”

ገብቼ ለጋሽ ሉቃስ ደወልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ ረጋ ያለ ነበር።

“ጋሽ ሉቃስ፣ የትናንቱን ሾርባ ጠጣ?”

“ጠጣ ልጄ። ግማሹን…”

“ሰኞ ነው የሞተው።”

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ።

“ማን ነገረሽ? ያ ፈረንጅ ነው?” አሉኝ። “አስቴርዬ፣ መርዶ በስልክ እንዴት ይነገራል? ግቢሽ እንዳንገባ በሽታው ከለከለን። ብቻሽን ነሽ፣ ስኳር አለብሽ፣ ማን ይይዝሻል? አንቺንም ጨምረን እንዳንቀብር ነው የፈራነው። ጤናሽ ሲመለስ ሴቶቹን ይዘን፣ በወጉ…”

“እስከዚያ ሾርባ እየሠራሁ ልቆይ?”

“አስቴርዬ…”

“ሾርባውን የት ነበር የምትወስዱት?”

“የመጀመሪያውን ቀን ለመድፋት ወርጄ ነበር” አሉ። “አልቻልኩም። ለእሱ የተሠራ ነው። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠጣሁት። ሦስቱንም ቀን።”

“ዛሬ ልትቀብሩት ነው።”

“ግድ ሆነብን፤ አናቆይም አሉን። አገር ቤትም አይላክም። አንቺ እንዳትመጪ ልጄ። ታማሚ ነሽ፣ ሰው ይያዛል፣ ሕግም አለ።”

እውነታቸውን ነበር። አንድ ቀን ይቀረኛል። ለቀብሩ ከሚመጡት መሀል አዛውንቶች አሉ፤ አንዳቸውን ብይዝስ? አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሰዓቱን አየሁ። ልሂድ ብል በሌላ ሰው ሕይወት፣ ልቅር ብል በራሴ ቀሪ ዘመን ላይ መፍረዴ ነው። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላስታውስም። በሕይወቴ የሰጠሁት ከባዱ ውሳኔ ያ ነው፤ ትክክል መሆኑንም ዛሬ ድረስ እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለት ጭምብል ደራርቤ አደረግሁ፤ ከሰው እርቄ እቆማለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ቁልፉን አነሣሁ።

ሰሚራ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ጩኸቴን ሰምታለች።

“አትሂጂ፣ በአላህ” አለችኝ።

“አንቺም ታውቂ ነበር።”

“አስማሉኝ እኮ! ምን ላድርግ? ገመዱን ከመስጠት ሌላ ምን ላደርግልሽ እችላለሁ?” ተንሰቀሰቀች። ከዚያ ከራሷ ላይ ጥቁር ሻሿን ፈትታ፣ ራሷን በእጇ እየሸፈነች፣ ወረወረችልኝ። ጥቁር ልብስ እንደሌለኝ ታውቅ ነበር።

ሃልዶር የመኪናውን አራት መስኮት ከፍቶ ጠበቀኝ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ብርዱ ፊቴን ይቆርጠኝ ነበር። አውራ ጎዳናው ላይ ስንወጣ፣ ወደ ፊት እያየ ማውራት ጀመረ። ነፋሱ ስለሚጮህ እሱም ይጮህ ነበር።

“ለምን እንዳቆምኩ ጴጥሮስ አንድ ቀን ጠይቆኝ ነበር። ጉልበቴን ነው አልኩት።”

የሰሚራን ሻሽ አንገቴ ላይ አጠበቅሁት።

“አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። አንድ ቀን አገሬ ላይ ጨዋታ ነበረኝ። ጠዋት ጀልባው ተገለበጠ። ለክለቡ ደወሉ። ኃላፊዎቹ ተመካከሩና ከጨዋታው በኋላ እንንገረው አሉ። ክፋት አልነበረም። ቡድኑ ያስፈልገው ነበር፣ ለእኔም አዝነውልኝ ነው።” እጁን መሪው ላይ አጠበቀ። “ትንሽ አገር ነው። ዕረፍት ሳይደርስ ተመልካቹ ሁሉ ሰምቷል። ተጋጣሚዎቻችንም ሰምተዋል። እኔ ኳስ ይዤ ስመጣ ማንም አይነካኝም። አንዱን አልፋለሁ፣ ሁለተኛውን አልፋለሁ። ጎል የሆኑ ሁለት ኳሶች አቀበልኩ። ሰው ቆሞ አጨበጨበልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጫውቼ አላውቅም ብዬ አሰብኩ። እጄን አውለበለብኩላቸው። ስቄላቸዋለሁ፣ አስቴር። አባቴ ውኃ ውስጥ ነበር፤ እኔ እየሳቅሁ ነበር።”

“ከዚያስ?” አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

“ከዚያ በኋላ አማካይ መሆን አልቻልኩም። አማካይ የሰው ፊት እያነበበ ነው የሚጫወተው። አንድ ሰው መንገድ ሲለቅልኝ ‘ይሄ የሚያውቀው፣ እኔ የማላውቀው ምን አለ?’ እያልኩ እቆማለሁ። ኳሱን ይነጥቁኛል። ሁለት ዓመት ታገልኩ፤ አልሆነም፤ ተውኩት። ማክሰኞ ‘አያመውም’ ስልሽ ደስ ብሎሽ ሳቅሽ። ሳቅሽን ሰማሁት።”

ገመዱ፣ ወተቱ፣ የዘነበች ይቅርታ በየተራ መጡብኝ። ጸሎቴ የሰውን ልብ ያለሰለሰ መስሎኝ ነበር። ሻሹን ጥርሴ ውስጥ ከትቼ ነከስኩት።

መቃብሩ ስንደርስ አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። በሩ ላይ የሬሳ መኪኖች ተሰልፈዋል። ዘበኛው ሰልፍ ጠብቁ አለን። አምስት ሰዓት ሞላ። መኪኖቹ አይንቀሳቀሱም። በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ሃልዶር “ቆይ!” ሲለኝ ከኋላዬ ይሰማኛል፤ አልዞርኩም።

ውስጡ ቀይ አፈር ነው፤ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ አዲስ ጉብታ። እዚህም እዚያም ሰዎች ተሰብስበዋል፤ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፣ ሁሉም ጭምብል አድርገዋል፣ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። የቱ ጋ እንደሆነ አላውቅም። ወደ አንዱ ቀረብኩ፤ በዙሉ ይጸልያሉ። ወደ ሌላው ሄድኩ፤ አይደሉም። ትንፋሼ አጠረኝ። አንዱ ጉብታ ላይ ተደግፌ ማሳል ጀመርኩ። እዚህ ድረስ መጥቼ ሳላገኘው ልቀር ነው አልኩ።

ያን ጊዜ ዝማሬ ሰማሁ። በሀዲይኛ ነው። ቃሉን አላውቀውም፤ ዜማውን ግን ጴጥሮስ ጫማውን ሲያስር የሚያንጎራጉረው ነበር። ድምፁን ተከትዬ ሄድኩ።

ከዛፎቹ ሥር፣ ከሰዎቹ ርቄ ቆምኩ። ሳጥኑ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ነጭ ቱታ የለበሱ አራት ሰዎች ወደ ጉድጓዱ አውርደውታል። አፈር የሚገፋው ቢጫ ማሽን ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ጋሽ ሉቃስ አዩኝ። መጡና ዐሥር እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ቆሙ።

“መጣሽ” አሉ።

“አፈር ላልብሰው።”

“ልጄ፣ ሰው አለ…”

“ሰዉን አርቁልኝ።”

ጋሽ ሉቃስ ተመለሱና እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ዝማሬው ቆመ። ሰዎቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሸሹ። ዘነበች አለች፣ የጴጥሮስ የአገር ልጆች አሉ፣ ሁሉም ወደ ኋላ እየተራመዱ መሀሉን ባዶ አደረጉልኝ። በዚያ ባዶ መንገድ ብቻዬን ሄድኩ። መንገድ የለቀቁልኝ ለምን እንደሆነ በዚህ ጊዜ አውቅ ነበር።

ፊቱን አላየሁም። ላስቲክና እንጨት ነው ያየሁት። አፈሩ ከብርዱ የተነሣ ደርቆ ነበር፤ በጥፍሬ ቧጥጬ አንሥቼ ጣልኩበት። ሳጥኑ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ፣ ያ ድምፅ ነው የባሌ መርዶ። የሃልዶርን ቃል አእምሮዬ ሰምቶት ነበር፤ ገላዬ ያመነው ግን ያን ጊዜ ነው። ወደ ዛፎቹ ተመለስኩ። ማሽኑ ሥራውን ጀመረ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለተለወጠው ነገር ልንገራችሁ፤ አሳምሬ ግን አልነግራችሁም። እስከማውቀው ድረስ በእኔ የተነሣ የታመመ ሰው የለም፤ “እስከማውቀው” የምትለዋን ቃል ግን ልብ በሉልኝ። ጋሽ ሉቃስን ይቅር ለማለት ዓመት ፈጀብኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ወጉን ያዘጋጁልን አባቶች የሰው ልብ ብቻውን ሆኖ ሲሰበር ምን እንደሚሆን አይተው ነው። እኔም አይቼዋለሁ፣ ሲሚንቶው ላይ። ሃልዶር ነገረኝ፤ ሊያነሣኝ ግን አልቻለም። ጋሽ ሉቃስ ሊያነሡኝ ፈለጉ፤ ሊነግሩኝ ግን አልቻሉም። በሽታው ሁለቱን ነገር ለያይቶ አንዱን ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው ሰጣቸው። በወጋችን መሠረት ከቀብሩ በፊት መርዶ መንገር ካልተቻለ ምን እናድርግ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እንደ ድሮው አደረገ።

ሃልዶር በዓመቱ ሚስቱን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሊሰናበተኝ ሲመጣ “ትክክል ያደረግሁ ይመስልሻል?” አለኝ። አላውቅም አልኩት። አመሰግንሃለሁ ማለት የነበረብኝ ይመስለኛል፤ ያን ቀን ግን አፌ እምቢ አለኝ።

ዘንድሮ አንዲት የማውቃት ሴት፣ ሂልብሮው ውስጥ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ወንድሟ ሱቁ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሽማግሌዎች ተሰብስበው “ትውለድና ይነገራታል፤ አስከሬኑ እስከዚያ አገር ቤት ይላክ” ሲሉ እኔም ነበርኩ። እኔ የለሁበትም አልኳቸው። ተቆጡኝ፤ “የሞተው አይነሣ፣ የቆመችውን ልትጥያት ነው?” አሉኝ። አዋላጅ ነርስ የሆነች እህታችንንና ሌላ ሴት ይዤ ሄድኩ። ስትከፍትልን ሳቀች፤ ሦስት ሆነን ስንመጣ የልጅ ልብስ ያመጣንላት መሰላት። አስቀመጥናት። አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ ተቀመጡ። እኔ ፊቷ ተንበርክኬ ሁለት እጇን ያዝኩ፤ ከዚያ ነገርኳት።

ልጇን በሰላም ወለደች። እኔን ግን እስከ ዛሬ አታናግረኝም። መንገድ ላይ ስታየኝ ወደ ማዶ ትሻገራለች፤ እኔም አልከተላትም። ወንድሟ ወደ አገር ቤት ሲላክ ግን ፊቱን በእጇ ዳስሳ፣ ስሙን ጠርታ ነው የሸኘችው።